ከጓድ ትግሉ ጋር ተራራ የወጣን ዕለት

በኛ ጊዜ መዝናናትም በትእዛዝ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ልጆቼ፤ እናንተ ምን አለባችሁ። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ላንጋኖ እንሂድ፣ ሶደሬ እንውረድ ትባባላላችሁ፣ የት ገባችሁ የሚላችሁ የለም። በኛ ጊዜ ግን ለሽርሽር ስብሰባ ይጠራል፣ አጀንዳ ይያዛል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። እና ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። እኔ ወርቁ፣ የዘይት ፋብሪካው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ስለተባለ ብቻ የውይይት ክበብ ጸሐፊ የተደረግሁ። የእጅ ጽሑፍ ማማር እንዲህ ጠላት ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል።

ታዲያ አንድ ዓመት ፋብሪካችን በምርት ውድድር አሸነፈ ተባለ። ማንን እንዳሸነፍን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ አሸነፋችሁ ተባልን፣ አጨበጨብን፣ ሽልማቱ ሽርሽር ነው ተባለ፣ ደግመን አጨበጨብን። አሥራ ሁለት ሰው በፋብሪካው አውቶቡስ ይሄዳል፤ የት እንደሚሄድ ራሱ ሠራተኛው ይምረጥ ተባለ። እኛ የናዝሬት ሰዎች ደግሞ ታውቁናላችሁ፣ ሙቀት የጠበሰን ሰዎች ነን፣ ውኃ ካየን እንወዳለን፣ እና በአንድ አፍ ላንጋኖ አልን። ዓሣ እንበላለን፣ እንዋኛለን፣ እንመለሳለን። ጓድ ትግሉ ብድግ አለና "ላንጋኖ የከበርቴ መታጠቢያ ነው" አለ። አለቀ። ላንጋኖ ደረቀ።

ጓድ ትግሉን አታውቁትም ለካ። ካድሬያችን ነው። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ናዝሬት ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው የሚውለው። እና ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ነገር ነበረችው፣ "እኔ የጭቁን ገበሬ ልጅ ነኝ" የምትል። ስብሰባ ሲከፍት ይላታል፣ ሲዘጋ ይላታል፣ ምሳ ላይ ወጡ ቀጠነ ስትሉት እንኳ ይላታል። "አባቴ በሬ አልነበረውም፤ በእጁ ቆፍሮ ነው ያሳደገኝ" ይላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ሰው አባቱ በሬ ስላልነበረው ሲጨበጨብለት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ይኸው ጓድ ትግሉ ባሌ ተራራ ላይ መንግሥት የሚጠብቀው የዱር አራዊት ፓርክ አለ፣ እዚያ ከአገራችን ሌላ በዓለም የማይገኝ ቀይ ቀበሮ አለ አለን። "በተፈጥሮው ቀይ ነው፣ ጓዶች። ማንም ሳያስተምረው ቀይ ነው።" ተቃውሞ አለ? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። እኔም ጻፍኩ፣ "ሠራተኛው በከፍተኛ ጉጉትና በሙሉ ድምፅ ባሌ ተራራን መረጠ" ብዬ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሜሮን፣ አንቺ ጠጋ በይ፣ የአያትሽ ነገር ነው። አያትሽ ኤልያስ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበር፣ የባለቤቴ የአስቴር ወንድም፣ አማቼ። ጴንጤ ነው። ያን ጊዜ ጴንጤ መሆን እንደዛሬው ጊታር ይዞ መዘመር መሰለሽ? ቸርቻቸው ታሽጓል፣ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት። እና ጴንጤን የሚይዙበት ዘዴ ቀላል ነበር፤ ግራ እጅህን ጨብጠህ አንሳና መፈክር በል ይሉታል። እሱ ደግሞ እጄን የማነሳው ለአንድ ጌታ ብቻ ነው ይላል። ተያዘ ማለት ነው። ኤልያስ ከዚያ በፊት አንዴ በዚሁ ነገር ሦስት ወር ታስሮ ነበር፤ ሲወጣ ጥርሱ ጎድሎ፣ ራሱ ተላጭቶ፣ እኔ እንኳ በር ከፍቼለት ማንን ፈለጉ ብዬዋለሁ። ሁለተኛ ከተያዘ በሦስት ወር እንደማይመለስ ሁላችን እናውቃለን፣ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። አባትሽን አርግዛ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ኖረ ትሉኛላችሁ። በዘዴ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ሁሉም ተነስቶ መፈክር ይላል። ልክ መፈክሩ ሊጀመር ሲል መብራት ይጠፋል። ኤልያስ "ጄኔሬተሩን ላስነሳ" ይልና ይወጣል። መፈክሩ ሲያልቅ መብራት ይመጣል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር "የኛ መብራት ፖለቲካ አይወድም" የሚል።

ለካ ጓድ ትግሉም ሲቆጥር ኖሯል። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ቢሮው አስጠራኝ፣ ቁጭ በል እንኳ አላለኝም።

"ተራራው ጫፍ ላይ መፈክር እናሰማለን" አለኝ። "አንተ መዝገብህን ይዘህ ትቆማለህ፤ እጁን ያላነሳውን ሰው ስም ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ።"

"እሺ ጓድ" አልኩ።

"አማችህም ይሄዳል። ተራራ ላይ ጄኔሬተር የለም።"

ቤት ሄድኩ፣ ለአስቴር ነገርኳት፣ አስቴር ደግሞ እንደ ወንድሟ አንገቷን የምትደፋ ሴት አልነበረችም፣ ነፍሷን ይማርና። "የወንድሜን ስም በእጅህ ከጻፍክ በዚያ እጅህ ከኔ መሶብ እንዳትቆርስ" አለችኝ። ባልጽፍስ? ባልጽፍ አጠገቤ የቆመው ሌላው ይጽፋል፣ የኔንም ስም ጨምሮ ይጽፋል። እና ምን ይሻላል ብዬ ወደ ኤልያስ ሄድኩ። ለመንኩት። "እጅህን ብቻ ከፍ አድርግ፣ አፍህን አታንቀሳቅስ። ብብትህን የምታክ ምሰል። እግዚአብሔር ብብት ማከክን ይቅር አይልም?" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ምን አለኝ፣ "ወርቁ፣ አንተ ያየኸውን ጻፍ። ልጆች አሉህ። እኔ አልቀየምህም።"

እና ይኼ ይባላል? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ተናድጄ እጽፍ ነበር። አልቀየምህም ያለህን ሰው ስም እንዴት አድርገህ ትጽፋለህ?

ታዲያ ሄድን። ንጋት ላይ ከናዝሬት ተነሳን፣ በአሰላ፣ በበቆጂ አድርገን፣ ዶዶላን አልፈን አዳባ አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ አደርን። የለበስነውን ብታዩ። ደጋ ነው ተብለናል፣ ግን ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ ማለት ሐምሌ ላይ ማታ ሸሚዝ የሚያስቆልፍ ነገር ይመስለዋል። ከፊላችን በሸራ ጫማ ነን፣ አንዷ የማሸጊያ ክፍል ሴት በነጠላ ጫማ ናት፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ የላንጋኖ ነገር ከሆዱ አልወጣ ብሎ ፎጣና የዋና ቁምጣ ይዟል። የፋብሪካው ንብረት የሆነ አሥር ሜትር ቀይ ጨርቅም አለ፣ "ተፈጥሮ ለሰፊው ሕዝብ ትገዛለች" የሚል በነጭ ቀለም የተጻፈበት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፊደሉ ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ፓርኩ ደረስን። አስጎብኝ ተሰጠን፣ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ የዚያው አገር ሽማግሌ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን የጠመጠሙ፣ ዱላ የያዙ። ሰላምታ ሰጥተውን፣ አከም ጂርቱ ብለውን፣ እግራችንን አዩ። ጫማ በጫማ አዩ። ከዚያ በሰባራ አማርኛና በኦሮምኛ ቀላቅለው ሁለት ነገር ነገሩን፤ አንዱ ተራራው ላይ ጩኸት የለም፣ ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንውረድ፣ ጉም ይመጣል። ጓድ ትግሉ "መርሐ ግብር አለን" አላቸው። ኦቦ ሁሴን መርሐ ግብር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ በኦሮምኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ እና "ጉሙ ያውቀዋል?" አሉኝ።

መውጣት ጀመርን። ወይ ያ አገር። ጥዱ፣ ኮሶው፣ ከላይ ደግሞ ጅብራው በየሜዳው ቆሞ። እና ደጋ አጋዘን አየን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ ወንዱ ቀንዱ እንዲህ የተጠማዘዘ፣ ኩሩ፣ ከኮሶ ሥር ቆሞ ዝም ብሎ ያየናል። የማሸጊያዋ ሴት እንባ አቀረረች። ታዲያ ጓድ ትግሉ ጉሮሮውን ጠረገና "ጓዶች፣ ይህ እንስሳ በድሮው ሥርዓት የመሳፍንት የአደን መጫወቻ ነበር" ብሎ ንግግር ጀመረ። አጋዘኑ እስከ "መሳፍንት" ድረስ ታገሰው፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ሄደ። እንስሳ ነው፣ መሄድ ይችላል። እኛ ነን የቆምነው።

ቀይ ቀበሮዋንም አየን፣ ከሩቅ፣ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድብታ። ቀይ ጨርቁ እንዲታያት ዘርጉት አለ፣ ዘረጋን፣ ጨርቁ በነፋስ ሲርገበገብ አንዴ አየችውና እግሬ አውጪኝ አለች። "ገና አልነቃችም" አለ ጓድ ትግሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኛ ግን እንደ ቀልድ ስቀን እንደ ቁም ነገር አጨበጨብን፤ ሁለቱንም አደረግን፣ ለጥንቃቄ።

በመንገድ ላይ ኦቦ ሁሴንን ለምን ጩኸት ተከለከለ ብዬ ጠየቅኋቸው። እና አንድ ነገር አጫወቱኝ። እነዚህ አጋዘኖች ባለቤት አላቸው አሉኝ። ድሮ አባቱ ያልታወቀ አንድ ልጅ ነበር፤ ወደየመንደሩ እየሄደ ዘመዳችሁ ነኝ ይላል፣ የማን ልጅ ነህ ሲሉት መልስ የለውም፣ ያባርሩታል። ተራራ ወጣ። እግዚአብሔር አዘነለትና አጋዘኖቹን ከብት አድርጎ ሰጠው። ጉም ሲወርድ ከብቱን ያግዳል፣ እና በጉሙ ውስጥ በሰው ድምፅ ይጣራል፣ አባት እየፈለገ። የመለሰለት ሰው አባቱ ይሆናል፣ አብሮት ይሄዳል፣ አይመለስም። ስለዚህ የኛ ሰው በጉም ውስጥ ለሚጣራ ዝም ብሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ ኢልመ ኤኙቲ ይለዋል፣ የማን ልጅ ነህ ማለት ነው። ሰው ከሆነ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ይጠራል፤ ሦስት አባት ከጠራ ሰው ነው። እሱ ግን አባት የለውም፣ መጥራት አይችልም አሉኝ።

ጓድ ትግሉ ለካ ሰምቷል። ጫፍ ላይ እንደደረስን፣ በአንድ በኩል ሜዳ፣ በሌላ በኩል ገደል ያለበት ቦታ ነው፣ አሰልፎ አቆመንና ስለ ጎታች ባህል ማስተማር ጀመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ። አባቱ የማይታወቅ እረኛ የለም፣ ይህ ባላባቱ ደሀውን በዘር ቆጠራ ለማስፈራራት የፈጠረው ነው፣ በአዲሲቱ ኢትዮጵያ ሰው በሥራው እንጂ በአባቱ አይጠራም፣ እኔን እዩኝ፣ የጭቁን ገበሬ ልጅ። ኦቦ ሁሴን ፀሐይዋን ያያሉ። ሦስት ጊዜ እንውረድ አሉ፣ ሦስት ጊዜ ዝም በሉ ተባሉ። ኤልያስ ከሰልፉ ጫፍ ቆሟል፣ ሁለት እጁን ወደ ታች ለቅቆ፣ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። እኔ መዝገቡን በብብቴ፣ እስክሪብቶውን በቀኝ እጄ ይዤ።

"ግራ እጅ" አለ ጓድ ትግሉ። እጆች ወጡ። "ኢምፔሪያሊዝም" አለ፣ እና "ይውደም" ልንል አፋችንን ስንከፍት ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጣ። እንዴት እንደሚመጣ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ አለ፣ ወዲያው የራሴን እስክሪብቶ ማየት አቃተኝ። "ይውደም" ያልነውም ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ታፍኖ ቀረ።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ባለበት ይቆማል። ጓድ ትግሉ ግን ኤልያስ በጉሙ እንዳያመልጠው ፈራ። "ማንም እጁን እንዳያወርድ፤ እኔ ራሴ ቀርቤ አያለሁ" አለና በሰልፉ ፊት ለፊት መሄድ ጀመረ። እጅ ሊቆጥር ማለት ነው፣ በዳበሳ። በኔ ፊት ሲያልፍ እጄን ነካ፣ "ጥሩ" አለኝ። የሚቀጥለውን ነካ። እየራቀ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የሰልፉን መጨረሻ አልፎ ሄዷል ለካ፤ ኤልያስ እጁን ስላላነሳ የሚነካው አላገኘም።

ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅም፣ "ጓዶች" የሚል ድምፅ መጣ።

ልንመልስ አፋችንን ከፈትን። ኦቦ ሁሴን በዱላቸው መሬቱን መቱ። "ዝም። ተቀመጡ። ልብስ ለልብስ ተያያዙ" አሉ። ተቀመጥን። ድንጋዩ በረዶ ነው። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ፣

"ኢልመ ኤኙቲ?"

እኔ ጮኼ ተረጎምኩ፣ "ጓድ፣ የማን ልጅ ነዎት ነው የሚሉት።"

"ጓድ ትግሉ ነኝ።"

"የማን ልጅ?"

"የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነኝ!"

ይህንን ለኦቦ ሁሴን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ደነገጡ፣ ፊታቸው ባይታየኝም ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰማሁ። "እሱ ነው" አሉ። "አባት የለውም። ማንም እንዳይመልስ።"

እና ዝም አልን። ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ፣ ዝምታችን ግማሹ ፍርሃት ነበር፣ ግማሹ ግን ሌላ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አፋችንን ከፍቶ ያስጮኸን ሰው ይጮሃል፣ እኛ ዝም። ከጎኔ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ፎጣውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በብርድ አይደለም።

እሱ ግን ይጣራል። የአብዮቱ ልጅ ነኝ አለ። የጭቁን ገበሬ ልጅ ነኝ አለ። ገበሬው ስም የለውም ወይ አሉ ኦቦ ሁሴን። ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን፣ ከእግሩ ሥር ነው፣ ሲንከባለል፣ ሲንከባለል፣ መሬት ሳይነካ ድምፁ ጠፋ። ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ማለት ነው። ሳቃችን ቆመ። እና ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የጓድ ትግሉ አልነበረም፤ የልጅ ድምፅ ነበር፣ እያለቀሰ።

"ደምሴ ነኝ! የፊታውራሪ ንጋቱ ልጅ! የቀኛዝማች ዘውዴ የልጅ ልጅ!"

ተራራው መልሶ አስተጋባው። ፊታውራሪ ንጋቱ፣ ንጋቱ፣ ንጋቱ። ቀኛዝማች ዘውዴ፣ ዘውዴ፣ ዘውዴ። አሥራ አንድ ሰው ሰማ። በእጁ ቆፍሮ ያሳደገው አባት ፊታውራሪ ሆኖ አረፈው። ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የባላባት ልጅ ሆኖ፣ ስሙን ለውጦ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ ብሎ ካድሬ መሆን? ኤልያስ ቢታሰር ተስፋ አለው፣ እሱ ግን ቢጋለጥ አለቀለት።

ኦቦ ሁሴን ግን አልበቃቸውም፤ "ሦስተኛ አባት ይቀራል" አሉ። ከዚያ ማዶ ለቅሶ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቅድመ አያቱን ከድንጋጤ የተነሳ ረስቶታል። ያን ጊዜ አያትሽ ተነሳ። "ሁለት አባት ይበቃዋል፣ አባባ። የቀረውን እኔ እሞላለሁ" አላቸው። ቀዩን ጨርቅ አንስቶ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ለኔ አስያዘኝ፣ እና "ደምሴ፣ ባለህበት ተቀመጥ፣ መጣሁልህ" እያለ ወደ ጉሙ ገባ። ጨርቁ በእጄ ውስጥ እየተሳበ ሄደ፣ "ተፈጥሮ" ሄደ፣ "ለሰፊው" ሄደ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ተወጠረ። ቆየ። እኔ ምን እንደጸለይኩ አትጠይቁኝ። ከዚያ ላላ፣ መመለስ ጀመረ፣ እና ሁለት ሰው ሆኖ መጣ። ጓድ ትግሉ የኤልያስን አንገት እንደ ሕፃን አቅፎ። ኦቦ ሁሴን ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱትና "እሰይ፣ ሰው ነህ፣ አባት አለህ" ብለው ጉንጩን ሳሙት። በቅንነት እኮ ነው። ከስድብ የባሰበት ግን ይኸው ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ ወረድን። አውቶቡሱ ዶዶላን ካለፈ በኋላ ጓድ ትግሉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መዝገቡን አምጣ" አለኝ። ሰጠሁት። "ግራ እጅ ተባለ፣ ጉም መጣ" ይላል፣ ከዚያ ባዶ ነው። "ከዚህ በኋላስ?"

"የታየ ነገር የለም፣ ጓድ። ጉም ነበር።" ከዚያ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ "የተሰማውን ልጻፍ?" አልኩት።

መስኮቱን አየ።

"አትጻፍ" አለኝ።

"እንግዲያው ያልታየውንም አልጽፍም።"

"አትጻፍ" አለኝ ደግሞ።

እና ቃለ ጉባኤው ላይ "ሠራተኛው በከፍተኛ አብዮታዊ ስሜት ተራራውን ጎብኝቶ በሰላም ተመልሷል" ብዬ ጻፍኩ፣ እሱም ፈረመ። ኤልያስ ከዚያ በኋላ መብራት ማጥፋት አላስፈለገውም። መፈክር ሰዓት ሲደርስ ጓድ ትግሉ ራሱ "ጓድ ኤልያስ፣ ጄኔሬተሩን እይልን" ይለዋል። መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ።

እኛስ? እኛ ጨዋዎች መሰልናችሁ? ያ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ የዓመት ፈቃድ ሲፈልግ ይገባና "ጓድ ትግሉ፣ ለመሆኑ ቤተሰብ ደህና ነው?" ይላል። ፈቃዱ ይፈረማል። የማሸጊያዋ ሴት ለልጇ ሥራ ስትፈልግ ገብታ "ባሌ ተራራ ላይ ብርዱ እንዴት ነበር" ትላለች። ልጇ ይቀጠራል። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ሁለት ጊዜ ስለ አየሩ አጫውቼዋለሁ። ኤልያስ ብቻ ነው አንድም ቀን አንድም ነገር ያልጠየቀው፤ እንዲያውም ተቆጣን፣ የሰውን አባት መነገጃ አታድርጉ አለን። ሰውዬው በዓመቱ ራሱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የሄደበትን አላውቅም። ጨቋኝ ብቻ አይደለም ክፉ፣ ልጆቼ፤ የጨቋኝ ምሥጢር የያዘ ፈሪም አይጣል ነው።

ምን አልሽ፣ ሜሮን? ድገሚው እስቲ።

"እርስዎስ አባባ፣ ጉሙ ውስጥ እጅዎን አንስተው ነበር ወይ?"

(ረጅም ሳቅ። ሳል። አባባ ወርቁ ውኃ ጠጡ።)

ይቺ ልጅ አያቷን ናት። አንስቼ ነበር። ጉሙ ሲመጣም አላወረድኩም። እሱ ሲጠፋም፣ ሲጣራም፣ ሲያለቅስም አላወረድኩም። አያትሽ ጨርቁን ያስያዘኝ በቀኜ ነው፤ ግራዬ ሥራ ላይ ነበረች። የራሴን አፍንጫ በማላይበት ጉም ውስጥ፣ ካድሬው ገደል አፋፍ ላይ አባቱን እየጠራ፣ እኔ እዚህ ግራ እጄን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ኦቦ ሁሴን በዳበሳ አገኟት። ቀስ አድርገው ይዘው ጉልበቴ ላይ አወረዱልኝና በጆሮዬ "ማን እንዲያይልህ ነው?" አሉኝ።

(ሳቁ።)